ስልኩ የሮጠበት ሳምንት

ኮሮና ማራቶንን ከመንገድ አስወጥቶ ስልክ ውስጥ ያስገባበት ዓመት ነበር። የካምፓላ ማራቶን አዘጋጆች «ሰው በያለበት ይሩጥ፤ ስልኩ ይመስክር» ብለው አወጁ። አዋጁ በካባላጋላ ሰፈር የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር ዘንድ በደስታ ተሰማ። ማኅበሩ ሯጭ ባይኖረውም ስልክ ነበረው።

ሯጭ ለመሰየም አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ እትዬ የሺሀረግ እና የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው አቶ ሰይፈ ተገኙ። አቶ ሰይፈ ለዚህ ኃላፊነት የበቁት አዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ ስምንት ዓመት ቤት ተከራይተው በመኖራቸው ነው። የአባላቱን መዝገብ በጣታቸው ሲወርዱ ቆዩና ድንገት ቆሙ።

«የትውልድ ቦታ፣ አሰላ!»

የተገኘው ሰው ያብስራ ነው። ኪኩቦ ገበያ፣ አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ የሳሙና ካርቶን ይሸከማል፤ ሰው ሲያናግረው ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ጓደኛም የለው። አሰላ የተወለደው እናቱ ለሰርግ ሄዳ ምጥ ስለያዛት ነው። በሳምንቱ ይዛው ድሬዳዋ ተመልሳለች። ድሬዳዋ ደግሞ በቀትር የሚሮጥ ሰው ካለ ሌባ ነው፤ እሱም ቢሆን አይቸኩልም።

«እኔ እኮ ሮጬ አላውቅም» አለ ያብስራ።

«የአሰላ ልጅ ሩጫ አይማርም» አሉ አቶ ሰይፈ፤ «ያስታውሳል እንጂ።»

እትዬ የሺሀረግ ይህን በቃለ ጉባኤው አሰፈሩት።

ያብስራ እሺ ያለው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። አዘጋጆቹ የመጀመሪያውን ሳምንት ልምምድ ለፈጸመ ጀማሪ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይልካሉ ተብሏል። ካምፓላ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ከየቢሮው የተሰጠው ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ይጠብቁ»። «ጨርሷል» የሚል ወረቀት አግኝቶ አያውቅም። ካርቶን ተሸክሞ ሳለ እንኳ ግድግዳው ላይ የት ጋ እንደሚለጥፈው ያስብ ነበር።

ትንሽ እንቅፋት ተፈጠረ። የያብስራ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የሩጫው መቁጠሪያ መተግበሪያ አልገባበትም። የጋሼ ስልክ ዘመናዊ ነው፤ ነገር ግን «የሰብሳቢ ስልክ ከሰብሳቢ አይለይም» የሚል አንቀጽ ተገኘ። ስለዚህ ያብስራ እንዲሮጥ፣ ስልኩ በጋሼ ኪስ እንዲሆን፣ ጋሼም በቦዳ ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን እንዲከተሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ስሜስ መቁጠሪያው ላይ መቼ ይሞላል?» አለ ያብስራ።

«በሒደት ላይ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ለጊዜው በሰብሳቢው ስም ተይዟል። አንተ እግሩን ያዝልን፣ ወረቀቱን ለኛ ተወው።»

ሰኞ ንጋት ላይ ልምምዱ ተጀመረ። ከካባላጋላ ሐይቁ ዳር እስካለው ጋባ ወደብ ድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ያብስራ ስምንት መቶ ሜትር ያህል እንደሄደ ትንፋሹ ከዳውና እንቁላል በቻፓቲ የሚጠቀልል ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ።

«በአፍንጫህ ተንፍስ!» አሉ ጋሼ ከቦዳው ላይ።

«አፍንጫዬ አልበቃኝም፣ ጋሼ!»

«ደምህን ጥራው፤ ይመጣል!»

የቦዳው ነጂ ካቶ ዞር ብሎ አያቸው። «አለቃ፣ እሱ ይቀመጥና እርስዎ ቢሮጡስ?»

«ፕሮቶኮል አይፈቅድም» አሉ ጋሼ።

ማክሰኞም ያው ሆነ፤ ሲሮጥ፣ ሲቆም፣ ጋባ ደረሰ። ሥራ ሲገባ እግሩ አልታጠፍ ብሎት የመደብሩን ደረጃ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የወረደው። ተሸካሚዎቹ «ሐበሻው ሪቨርስ አስገባ!» ብለው ሳቁበት።

ረቡዕ «የአትሌቱን ድካም በተመለከተ» ስብሰባ ተጠራ። ያብስራ መታሻ ቅባት ይሰጠኛል ብሎ ቀድሞ ደረሰ። አጀንዳው የጋሼ ወገብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በኤሊ ፍጥነት በሚሄድ ቦዳ ላይ መቀመጥ ቀላል እንዳልሆነ ቤቱ አመነበት፤ ቅባቱና አንድ ለስላሳ ትራስ ለጋሼ ጸደቀላቸው።

ሐሙስ ጋሼ ትራሳቸው ላይ ተደላድለው «ያንተ ቀስታ ሞተሩን እያሞቀው ነው» አሉና ቀድመው ጋባ ገቡ። ያብስራ እያነከሰ ሲደርስ የተጠበሰ ዓሣ ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ስልኩ ስድስት ኪሎ ሜትር በዘጠኝ ደቂቃ መዝግቧል። ማታ ማኅበሩ ውስጥ አቶ ሰይፈ ቁጥሩን አቅርበውም አርቀውም አዩት።

«ይኸው! ደሙ ነቃ!»

«የማን?» አሉ እትዬ የሺሀረግ፣ ለቃለ ጉባኤው።

«የማኅበሩ!»

ዓርብ ጋሼ የማኅበሩን ቲሸርት ለመግዛት ኪኩቦ፣ ባነር ለማሳተም ደግሞ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በቦዳ ሲመላለሱ ዋሉ። ስልኩ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ሮጠ። ያብስራን ሦስት ካርቶን ተሸክሞ መንገድ ላይ ቢያገኙት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «በርታ! ዛሬ እጅግ ጥሩ ሮጠሃል» አሉት።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም፤ ጋሼ ለእሑዱ ሥነ ሥርዓት ጉልበት እየቆጠቡ ነበር። ያብስራ ብቻውን ሮጠ። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። የሚመክረው ስለሌለ ሐሳቡ እንደ ልማዱ ጥሎት ሄደ፦ ባሕር የሌላት ሀገር ልጅ ሐይቅ ሲያይ ለምን እንደሚደሰት፣ ዓሣ ይተኛ እንደሆነ... እግሩን ረስቶት ነበርና እግሩም ሥራውን ሠራ። ቀና ሲል ውሃው ፊቱ ተዘርግቷል። ካቶ ባዶ ቦዳውን እየነዳ መንገዱን ሁሉ ሲከተለው ኖሮ ከኋላው ደረሰ።

«ሐበሻ! አልቆምክም እኮ!»

«አልቆምኩም?»

«አንዴም!»

እሑድ በአዳራሹ ባነር ተሰቀለ፤ ቲሸርት ታደለ። ለያብስራ የሚሆን መጠን አልተረፈም። እትዬ የሺሀረግ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ፦ «ሀብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ሳምንት ልምምዱን ጨርሷል!» እልልታው ቀለጠ። ጋሼ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ስለ ላብ፣ ስለ ጽናትና ስለ ትራስ ምርጫ ንግግር አደረጉ።

ያብስራ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

በር ላይ ቆሞ የነበረው ካቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሲመለስ የቦዳ ነጂዎቹ ሊቀ መንበር ከደብተሩ የገነጠለውን አንድ ቅጠል ወረቀት ለያብስራ ሰጠው። «ያብስራ ቅዳሜ ጋባ ድረስ ሳይቆም ሮጦ ጨርሷል። አይተናል» ይላል፤ ከሥሩ ክብ ማኅተም። ካምፓላ ውስጥ ማኅተም የሌለው የቦዳ ፌርማታ የለም።

በዚህ መሐል እትዬ የሺሀረግ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ ገለጡ፤ ድምፃቸውም ቀነሰ። «የአትሌቱ ፍጥነት በሰው ልጅ ታይቶ ስለማይታወቅ... ነገ ጠዋት ሰዓት መያዣና ካሜራ ይዘን... ስድስቱን ኪሎ ሜትር አብረናቸው እንሄዳለን።»

አቶ ሰይፈ መዝገቡን አንሥተው የጋሼን የትውልድ ቦታ በጥድፊያ መፈለግ ጀመሩ።

ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ያብስራ ዞሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልተሰማ ርኅራኄ በድምፃቸው ነበር።

«ያብስራ፣ ልጄ... ለነገው እንግዲህ አንተ...»

ያብስራ ባለማኅተሙን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ጥያቄዎ ደርሶኛል፣ ጋሼ። በሒደት ላይ ነው። ይጠብቁ።»