ሊቀ መሰላል ወልደአረጋይ

ከባለጌ ይልቅ አጥንት የሚሰብረው ጨዋ ሰው ነው። አትሳቁ! እንዲህ ያለ ሰው በየሥራ ቦታው አንድ አይጠፋም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ውስጥ መካኒክ ሆኜ በሠራሁበት ወፍጮ ቤት ክቡር ሊቀ መሰላል አቶ ወልደአረጋይ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ሞተሩ ቆሞ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ከጣሪያው ሥር ሆኖ ወፍጮውን የሚያዞረውን ዘንግ ግራሶ ስቀባ፣ የእሳቸው ሥራ የመሰላሉን እግር መያዝ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ዱቄት ሲነሰነስበት ደግሞ ያንሸራትታል። ከለቀቁት አለቀልኝ።

ጣጣው በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ገበያው መንገድ ነው፤ በዚያ የማያልፍ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። አቶ ወልደአረጋይ ደግሞ በአንድ እጅ ሰላም ማለት ነውር ነው ባይ ናቸው። አንዱ እጅ ባርኔጣ ያወልቃል፣ ሌላው ጋቢውን ከትከሻ ያወርዳል። መሰላሉስ? መሰላሉማ የእግዜር ነው!

አንድ ጊዜ አማታቸው እመት አልታየች ከደነባ መጡ። እኔ ዘንጉ ላይ እንደ ጦጣ ተንጠልጥዬ «ጋሼ፣ ኧረ መሰላሉን!» እላለሁ፤ እሳቸው «ከብቱ ደህና ነው? ገብሱስ?» ይላሉ። ገብሱ ደህና ነበር። እኔ ጆንያ ላይ ወደቅሁ።

ሌላ ቀን ሐዘንተኛ አዩና ሊያጽናኑ በሩ ድረስ ሄዱ። ስወድቅ ሰሙኝና ዘወር ብለው ለእኔም «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ልሙትልዎ እንዴ?» ብዬ ስቆጣ «ሰላምታ የእግዜር ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ሌላ ሰው ይሰጠኝ ብዬ የወፍጮውን ባለቤት ለመንኩ። «ከእሳቸው የበለጠ ጨዋ ከየት ላምጣልህ?» አለኝ። ጉድ እኮ ነው!

የፈራሁት አልቀረም። ቄስ ገብረ ሕይወት በበሩ አለፉ። መስቀሉ ከኪስ ሲወጣ አየሁ፣ ባርኔጣው ሲወልቅ አየሁ፤ ከዚያ ያየሁት ሲሚንቶውን ነው። ቅልጥሜ ቋ አለ።

አቶ ወልደአረጋይ እንባቸው እየወረደ አዘሉኝ። ወጌሻው ያለው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ መንገዱም ገበያውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ከግራም ከቀኝም «እንደምን ዋሉ፣ አቶ ወልደአረጋይ!» ይባላል። እሳቸው ዝም! ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። ሰዉ «ምነው ኮሩ?» ሲል እሰማለሁ። በመጨረሻ አለቃ ገብረአማኑኤል መስቀላቸውን አውጥተው ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ ጀርባቸው ላይ ሆኜ እግሬን ረሳሁት፤ አሁን ጣሉኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባቴ ይፍቱኝ» አሉ ሳይቆሙ፣ «እጄ ተይዟል።»

ይህችን ቃል መሰላሉ ሥር ቢሏት ምን ነበረበት! ግን ምን ላድርግ፣ ወደድኳቸው። ሰው አይቀየማቸው ብዬ እስከ ወጌሻው ደጅ ድረስ በእሳቸው ፈንታ ግራና ቀኝ እጅ የነሳሁት እኔ ነኝ፤ አንገታቸውን ለቅቄ፣ በሁለት እጄ።