የወደፊት አማቴን በሪቨርስ

ዛሬ ላንጋኖ ላይ የሆንኩትን ስነግራችሁ "ይሄ ልጅ ማጋነን ይወዳል" ትሉኛላችሁ። ውሸት በሆነልኝ! ቪዲዮ አለ።

የፍቅረኛዬ የሌንሴ አባት ጋሽ ገመቹ፣ ሽማግሌ መላክ እችል እንደሆነ ዛሬ ሊወስኑ ነበር። "መጀመሪያ ልጁን ልየው" አሉ። እኔ ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ከምታይ የወዳጄን ባለሸራ ጀልባ ተውሼ ሐይቅ ላይ ልታይ አልኩ።

ምን አቀበጠኝ!

አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሸራው ነፋስ ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጋሽ ገመቹ ተደላድለው ተቀመጡ።

ከዚያ ከወለሉ ስር "እርርርር" የሚል ድምፅ መጣ።

ሞተር ጠፍቶ የሚጮኸው ምንድን ነው አሉኝ። በሸራ ስንሄድ ውሃው ፕሮፔለሩን ያሽከረክረዋል፣ ዘንጉም አብሮ ይዞራል፣ ማርሹ ምንም ሳይዝ ፎሌ ላይ ስለሆነ ነው ብዬ አስረዳሁ።

"ፎሌ" ስል ፊታቸው ተለወጠ። ሰውየው ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቁልቁለት በፎሌ ለሚወርድ ሹፌር ልጃቸውን ሊሰጡት ቀርቶ ሰላም አይሉትም።

ወዲያው ማርሹን ሪቨርስ አስገባሁ። ዘንጉ ተቆልፎ ቆመ። እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ ወዳጄ አሳይቶኛል።

"ጎበዝ" አሉ።

ጎበዝ! እኔ ሰርጉን ማሰብ ጀመርኩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሁሉ።

ሳስብ ዳርቻው ደረሰ። የሌንሴ እናት ገመዱን ሊቀበሉኝ ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። ሌንሴ አጠገባቸው ቆማ ትቀርጻለች። ሸራውን አወረድኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ።

ወደ ኋላ ሄድን።

ነፋስ ነው ብዬ ነዳጅ ጨመርኩ። የሌንሴ እናት እየራቁ፣ እያነሱ ሄዱ።

"ሰውየውን ወዴት እየወሰድክብኝ ነው?" ሲሉ ቪዲዮው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጋሽ ገመቹ ወደ እኔ ሳይዞሩ "ልጄ፣ ሪቨርስ ላይ ነህ" አሉ። በጣም በትሕትና። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማርሹን ቀይሬ ዳርቻው ላይ አደረስኳቸው። በቃ፣ ሌንሴን አጣኋት አልኩ።

አመሻሹ ላይ ደወለች። አባቷ ወስነዋል። ቃል በቃል፦ "ሽማግሌ ይላክ። እሱ ግን እንዳይነዳቸው።"

ደስ ብሎኛል። አፍሬያለሁም።

አሁን ሽማግሌዎቼን ከአዳማ ደራ፣ እነሌንሴ ቤት የሚያደርስ ሹፌር እየፈለግኩ ነው። ሥራዬን ለማታውቁ፣ የአዳማ–ደራ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነኝ።

እስቲ ሰው ጠቁሙኝ?