የሰው ደብዳቤ

መካኒኩ፡ አላነብም አልኩ፣ አላነብም!

ደላላው፡ ለምን?

መካኒኩ፡ የሰው ደብዳቤ ነዋ!

(በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ካህኑ ለቅዳሴ በሚለብሱበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁልጊዜ የምታነበው አስተማሪ በጉንፋን ድምፅዋ ስለተዘጋ፣ አባ የዕለቱን ሁለተኛ ንባብ ለመካኒኩ ሰጥተውታል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ደላላው፣ ማንም ሳይጠራው ሊመክረው መጥቷል። ደላላው የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቀውንም ቢሆን ያስረዳል። ከእህቱ ጋር ብቻ፣ ከእናታቸው በተወረሰ ቁም ሳጥን ከተጣሉ ወዲህ፣ ቃል አይለዋወጥም። እሷ በግራ በኩል ከተቀመጠች እሱ በቀኝ ነው።)

ደላላው፡ የምን የሰው ደብዳቤ? መጽሐፍ ቅዱስ እኮ ነው!

መካኒኩ፡ ይኸው ከላይ ተጽፏል፤ ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች። የእኔ ስም የለበትም። ያንተም የለም ጋሼ።

ደላላው፡ አዬ! ጸሐፊው ካረፈ ስንት ዘመኑ!

መካኒኩ፡ ይባስ ብሎ! የሟች ደብዳቤ በድምፅ ማጉያ?

ደላላው፡ ተቀባዮቹም የሉም።

መካኒኩ፡ ታዲያ ለማን ነው የምናነበው?

ደላላው፡ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ስማ፣ ላስረዳህ። ቅዳሴ እንደ ቤት ነው። የመጀመሪያው ንባብ ደጃፍ፣ መዝሙሩ በረንዳ። ወንጌሉ ሳሎን ነው። ስብከቱ መኝታ ቤት።

መካኒኩ፡ እሱስ እውነትህን ነው፤ ስንቱ ይተኛበታል።

ደላላው፡ አታቋርጠኝ! ያንተ ሁለተኛ ንባብ ኮሪደር ነው። ኮሪደር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ታልፎ ይኬዳል። ማንም ስለማይሰማህ የሚያስፈልግህ ድምፅ ብቻ ነው። ደረትህን ነፋ አድርገህ «ወንድሞች ሆይ!» ትላለህ።

መካኒኩ፡ እህቶችስ?

ደላላው፡ እህቶች... እህቶች ውስጡ አሉ!

መካኒኩ፡ ጋሼ ሙት፣ ሚስቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናት። ብታኮርፍ አብሬያት ቤት የምገባው እኔ ነኝ።

ደላላው፡ እሷን አታንሳብኝ! ስትጨርስ «ይህ የእግዚአብሔር ቃል ነው» ትላለህ፤ ሕዝቡ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል።

መካኒኩ፡ ስለጨረስኩ?

ደላላው፡ ወይ አንተ! አምጣው፣ አምጣው! እኔ አነበዋለሁ።

መካኒኩ፡ አንድ ጊዜ እንኳ አታየውም?

ደላላው፡ ቤት ሳላይ የማሻሽጥ ሰው ግማሽ ገጽ ልይ?

(ቅዳሴው ተጀምሮ ተራው ሲደርስ ደላላው ኮቱን ቆልፎ ወደ አትሮንሱ ይወጣል።)

ደላላው፡ (በሚያስገመግም ድምፅ) ወንድሞች ሆይ!

(ስለ ትሕትና፣ ስለ ትዕግሥት የሚለውን እንደ ነጎድጓድ አወረደው። ቀጥሎ የመጣው ግን፣ በሌላው ቅር የተሰኘ ሰው ቂሙን ትቶ ይቅር እንዲል የሚያዝ ነበር። ደላላው የሰማው ከገዛ አፉ ሲወጣ ነው። ቀና ቢል ዓይኑ ከእህቱ ዓይን ጋር ገጠመ። ድምፁ ቀጠነ፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።)

መካኒኩ፡ (ከፊት ወንበር በሹክሹክታ) ጋሼ! ኮሪደሩ ላይ ቆምክ እኮ!

ደላላው፡ (የቀረውን እንደምንም ተጎትቶ ከጨረሰ በኋላ) ይህ... የእግዚአብሔር ቃል ነው።

(«እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የተሰማው የእህቱ ድምፅ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ደላላው መካኒኩን በክንዱ ይዞ ግቢው ጥግ ወሰደው።)

ደላላው፡ እውነቱን ንገረኝ። አባን ለምና ይህን ንባብ ያስመረጠችው እሷ ናት አይደል?

መካኒኩ፡ ማንም አልመረጠውም። ለዛሬው እሁድ የተመደበ ንባብ ነው።

ደላላው፡ ታዲያ ጳውሎስ ፊት ለፊቱ አስቀምጦኝ የጻፈው ነው እኮ የሚመስለው! (እህቱ ስትመጣ አይቶ) ወይኔ! ምን ልበላት?

መካኒኩ፡ «እህቶች ሆይ» ብለህ ጀምር።

እህትየው፡ (ደርሳ፣ መሬት መሬት እያየች) ቁም ሳጥኑን ና ውሰደው።

ደላላው፡ አልወስድም። ያንቺ ነው።

እህትየው፡ ትወስዳለህ!

ደላላው፡ አልወስድም አልኩሽ!

መካኒኩ፡ ኧረ በእናታችሁ! በምሕረቱም ልትጣሉ ነው?

(እህቱ ሳቋ አመለጣት፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ደላላውም ሆዱ ባባ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።)

ደላላው፡ ደግነቱ እዚሁ በኛው መሀል ቀረ። ሌላ ቦታ አልተነበበማ?

መካኒኩ፡ እንዴት አይነበብም? ዛሬ እኮ በየአገሩ፣ በዓለም ዙሪያ ያለ ምእመናችን የሚሰማው ይህንኑ ንባብ ነው።

ደላላው፡ (ክው ብሎ) በዓለም ዙሪያ?! ለአንድ ቁም ሳጥን?!