የሰበረ ይተካ

ከሰው ሁሉ የሚያስፈራኝ ሕግ አሻሽላለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ነው። ሌባ ቢገባባችሁ የሚወስደው ያላችሁን ነው፤ ሕግ አሻሻይ ግን ገና ያላሰባችሁትን መከራ ይዞላችሁ ይመጣል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም። አሻሻዩ እኔ ነበርኩ።

በደርግ ዘመን ኮልፌ ውስጥ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ነበርኩ። እጁ የተሰበረ፣ ጥርሱ የወለቀ ሁሉ ካሳ ሊጠይቅ እኛ ዘንድ ይመጣል። እንፈርድለታለን፤ ግን የተፈረደበት ከየት አምጥቶ ይክፈል? ተበዳይ ከነስብራቱ፣ በዳይ ከነድህነቱ ይመለሳሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ቂሙ ሰፈር ውስጥ ይከርማል። እኔ ታዲያ ብዙ አውጥቼ አውርጄ አንድ መላ አመጣሁ፦ «አካል የጎዳ ሰው፣ ተጎጂው እስኪድን ድረስ በማናቸውም ግዴታው ይተካው።» ሸንጎው «አብዮታዊ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ሕጌ መጀመሪያ የደረሰችው ለግንበኛው ለታደሰ ነው። ፌርማታው አጠገብ ቆሞ ሳለ አናጢው ደምሴ ረጃጅም ጣውላ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ከኋላ አንድ ሰው «ጓድ!» ብሎ ተጣራ። በዚያ ዘመን «ጓድ» ሲባል የማይዞር ማን ነበር? ደምሴ ዞረ፤ ጣውላውም አብሮት ዞረ። የታደሰ ክንድ እዚያው ተሰበረ።

በሕጌ መሠረት ደምሴ ግንበኛ ሆነ። የገነባው ግድግዳ ሆዱን ወደ መንገድ ቢነፋም የታደሰ ልጆች ጾማቸውን አላደሩም። ሁለቱ ሰዎች መቀያየማቸው ቀርቶ አብረው ይሳሳቁ ጀመር። እኔማ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ብታዩኝ!

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዘማቾች ዝርዝር መጣ። የታደሰ ስም አለበት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰብስቦን መዝገቤን ገለጠና፣ «ምን ያስጨንቃል? ሸንጎው ወስኖልናል። ደምሴ ይተካዋል» አለ።

ደነገጥኩ። ጦር ሜዳ! እኔ እኮ ስጽፍ ያሰብኩት ግንብና የሰፈር ሮንድ ጥበቃ ነበር። የደምሴ ሚስት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጮኸችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ታደሰ ተነሳ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ድኛለሁ። ግዴታዬን ራሴ እወጣለሁ» አለ። ማንም ሳይከለክለው ፋሻውን ፈታና በር ላይ የነበረውን ድንጋይ በዚያው ክንዱ አነሳ። ጉልበቱ ድረስ አደረሰው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

ታደሰ እየጮኸ ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ላቡን ጠረገ፤ ነገ ከሚሸኙት ዘማቾች አንድ ሰው ጎድሎበታል። «እንግዲያው እንደተባለው ደምሴ...» ብሎ ሳይጨርስ የደምሴ ሚስት ከተቀመጠችበት ሆና፣ «ቆይ እንጂ!» አለች። «መጀመሪያ ክንዱን ባሌ ሰበረው፤ እሺ። የአሁኑንስ ማን ሰበረው? ያ ወረቀት ባይጻፍ ይሄ ሰው ድንጋይ ያነሳ ነበር?»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ዞረው እኔን አዩኝ። ልከራከር አፌን ከፈትኩ። መሬት ላይ የሚያቃስተውን ታደሰን ሳየው ግን መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ ስለ ጉዳት ካሳ ክርክር ሲነሳ ሰው አላስቀምጥ እላለሁ። የሰፈራችን ወጣት ጠበቆች ገርሟቸው፣ «ለመሆኑ ሕግ የት ነው የተማሩት?» ይሉኛል።

«ጦር ግንባር፤ ሁለት ዓመት» እላቸዋለሁ።

ቀልድ ይመስላቸዋል።