ጋሽ ቆይ እና የተደበቀው ብረት

ሆስፒታል ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው አያምን ይሆናል እንጂ፣ ላቦራቶሪ የተባለ ሁሉ አንድ ጋሽ ቆይ አለው። ሕንፃው ሲሠራ አብረው የተተከሉ ይመስላሉ። ዳይሬክተር ይመጣል፣ ዳይሬክተር ይሄዳል፤ እሳቸው ከጥጋቸው ንቅንቅ የለም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የሰውን ጥድፊያ ሁሉ በአንዲት ቃል ይመልሱታል፤ «ቆይ»። ለሴቷ «ቆዪ»፣ ለዳይሬክተሩ ደግሞ፣ ማዕረግ ያውቃሉና፣ «ይቆዩ»።

ስሙን ያወጡላቸው የሦስተኛ ፎቅ ነርሶች ናቸው። ከነርሶቹም ሁሉ በእሳቸው አንጀቷ ያረረው የፎቁ ኃላፊ ሲስተር ነበረች። ሰባት ዓመት ናሙና ስትልክ፣ ሰባት ዓመት ሲመልሱባት ኖረዋል። ክቡርነታቸው ደሙ በማሽን ተሽከርክሮ ከጠለለ በኋላ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ከላይ የቀረውን ቢጫ ውሃ ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም። ውሃው ትንሽ ቀላ ካለ አለቀለት።

«ሲስተር፣ ይሄ ደም ተጎድቷል» ይሏታል በስልክ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ደም ስሩ አይገኝም! ሦስቴ ነው የወጋሁት!»

«አየሽ፣ ሴሎቹ ፈንድተው ሄሙ ፈሷል። ብረት ያዘለ ነገር እንዲህ ሜዳ ላይ አይፈስም፣ የኔ ልጅ። ሌላ አምጪ።»

ሄም ማለት ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ መሃሉ ላይ አንዲት የብረት ቅንጣት የያዘው ነገር ነው፤ ከሳንባ የተቀበልነውን ኦክስጅን በየአካላችን የሚያዳርሰው በዚያች ቅንጣት ነው። ጋሽ ቆይ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሴል ያለ ብረት መኖር አይችልም፣ ልቅ የተለቀቀ ብረት ግን ሴሉን ራሱን ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ሰውነት ብረቱን ሸፍኖና ቆልፎ ነው የሚያኖረው ይላሉ። ይህን ለጽዳት ሠራተኛዋ አስረድተዋል፤ ለጥበቃው አስረድተዋል። አንድ ቀን ሊፍት ሊጠግን ለመጣ ሰው ሲያስረዱ ሰውየው የሥራ ሰዓቱ አልቆበት ሄደ፤ ሊፍቱም እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የሲስተር እናት ታማ ሦስተኛ ፎቅ ተኛች። ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ፣ ፊቷ ነጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።  የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሲስተር የላይኛውን መስመር አነበበች፤ በእናቷ ደም ውስጥ ያለው ብረት በጣም ዝቅተኛ ነው። ከሥሩ ደግሞ በጉበትና በሌላው አካል የተከማቸው ብረት ብዙ መሆኑ ሰፍሯል፤ ጠርዙ ላይም በቀይ እስክሪብቶ «ካልቸሩ እስኪደርስ ቆዩ» ተብሏል። ደሟ ውስጥ ባክቴሪያ ይኑር አይኑር የሚለየው ካልቸር የተባለው ምርመራ ነበር። ግን ጋሽ ቆይ ያቺን «ቆዩ» የምትል ቃል የማይጽፉበት ወረቀት ስለሌለ፣ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ የሚያነባት ሰው አልነበረም። ሲስተርም አላነበበቻትም።

«ዶክተር፣ እናቴ እያለቀችብኝ ነው» አለችው ወጣቱን ሐኪም። «ብረት በደም ስሯ ይሰጣት። በእናትህ!»

ዶክተሩ መርፌ አያያዝ ሳይቀር ከእሷ ነው የተማረው። እምቢ ማለት አቃተውና ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ቡናማው የብረት ፈሳሽ መንጠባጠብ እንደጀመረ በሩ ተበረገደ። ጋሽ ቆይ ናቸው፤ ብረት መታዘዙን ሰምተው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቀጥ ብለው ሄደው የቱቦውን መዝጊያ ጠረቀሙት።

«ምን እያደረጉ ነው?» ጮኸች ሲስተር።

«ካልቸሩ ደረሰ። ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ።»

«ብረት የላትም እኮ! በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«እናትሽ ብረት አላጡም፣ ልጄ። ደብቀውታል።» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ባክቴሪያውም እንደኛው ብረት ይርበዋል። ሄሙን ለመዝረፍ ሲል ቀይ ሴሉን የሚያፈነዳም አለ። ሰውነት ይሄን ስለሚያውቅ በሽታ ሲገባበት ብረቱን ከደም ሰብስቦ ጓዳ ያስገባዋል። እናትሽ እየታገሉ ነው። አንቺ ደግሞ ለጠላታቸው ስንቅ ልታቀብዪ።»

 ሲስተር በገዛ እጇ እናቷን ልትጎዳ እንደነበር ገባት።

«ምን ያህል ገባ?» አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ።

ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አዩት። «ገና ጥቂት ነው። ጥፋቱ የኔም ነው። በማይረባው ሁሉ ላይ ቆዩ እያልኩ፣ የምር ስል የሚሰማኝ አጣሁ።»

ሰው ሁሉ እንደ ግንብ የሚያያቸው ሽማግሌ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያው ዕለት ለባክቴሪያው የሚሆነው መድኃኒት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ቆይ ጉልበታቸውን እያሹ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ የእናትየዋን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው፣ ደም ሲያንስ የሚነጣው ውስጡ መቅላቱን ያያሉ፤ ለማንም ምንም ሳይሉ ይወርዳሉ። ለአምስት ቀን ሲስተር ምግብ በአፏ አልዞረም። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ።

በሦስተኛው ሳምንት ባክቴሪያው ጠፋ። በሽታው ልኬቱን ከፍ አድርጎት ስለነበር፣ የተከማቸው ብረት እንደገና ሲለካ አሁን በእርግጥ ጎድሎ ተገኘ። ጋሽ ቆይ የብረቱን ጠርሙስ ከፋርማሲው ራሳቸው ተቀብለው ይዘው መጡ።

«አሁን ስጪያቸው» አሉ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ እስክትወርድም ማንጠልጠያውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የደረጃውን ብረት እየተደገፉ ወረዱ።

እናቷ ከትራሷ ቀና አለች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? በየቀኑ እየመጣ ዓይኔን የሚያየው?»

ሲስተር ሰባት ዓመት ሙሉ ከጀርባቸው ያለቻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት።

«የኛ ሰው ነው፣ እማዬ» አለች።