አራት ጣት ከፍ ያለችው አባዱላ

በየሰፈሩ ፋብሪካን የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። ዕቃው ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ይህ ሰው ካርቶኑን ይከፍትና ዙሪያውን አንዴ ዞሮ ያየዋል፤ አገጩን ያሻል፤ ከዚያ ጉድለቱን ይናገራል። ጉድለቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዕቃው ዝቅ ብሏል። እናንተ ሰፈር ከሌለ አትጨነቁ፤ እኛ ቤት ነው ያለው። አግብቼዋለሁ።

ስሙ አጵሎስ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ግን አጵሎስ ብሎ የሚጠራው የለም፤ "ኢንጂነር" ነው የሚሉት። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አላውቅም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ በማዕረግ አልከራከርም።

ክቡር ኢንጂነር አጵሎስ ሁለት አነጋገር አለው። አንደኛው "ትንሽ ብቻ ከፍ ትበል" ነው። ሁለተኛው፣ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ "የሠራት ሰው ዋቸሞን አያውቃትም!" ነው። ዋቸሞ ያው ሆሳዕና ናት፤ እሱ ኩራት ሲይዘው በዚያ ስሟ ይጠራታል።

እንደተጋባን ሰሞን አልጋችንን በአራት ብሎኬት ላይ አወጣው። ከሥሩ ሁለት ኩንታል ድንች ገባ፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እግሬ መሬት ፍለጋ ይንጠለጠላል። ቴሌቪዥኑን ጣሪያ ሥር ሰቀለው፤ ዜና ሊያዩ የመጡ እንግዶች አንገታቸውን እያሹ ይወጣሉ። የዶሮዎቹን ቤት ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባቸው በረጃጅም እንጨት ላይ አቆመው። እውነቱን ለመናገር ሸለምጥማጥ አልደረሰበትም። ዶሮዎቹም አልደረሱበትም። እስከ ዛሬ ኩሽና ውስጥ ነው የሚያድሩት።

ከዚያ መኪናዋ መጣች።

አባዱላ ሚኒባስ ናት፤ ረጅሟ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለው። ግን እንደ ብዙዎቹ አባዱላዎች በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ አይደለችም፤ አራቱም ጎማ የሚሠራ ፎር ዊል ናት። ከሆሳዕና ፎንቆ ሰው ይጭንባታል። ያገኛት ዕለት ዙሪያዋን ዞረ፤ አገጩን አሸ።

"አራቱም እግሯ ይሠራል" አለ፤ "ግን አጭር ነው። የበሬ ገላ በዳክዬ እግር! የሠራት ሰው ዋቸሞን አያውቃትም።"

ሳቅኩበት። እስከ አምና ሰኔ ድረስ ስስቅበት ኖርኩ።

የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች በዓመት አንዴ ሆሳዕና ይመጣሉ። አማቴ እማማ ገነቴ ከፎንቆ ወዲያ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። የመጨረሻዋን ልጃችንን ሐዳሳን አይተዋት አያውቁም። አፍንጫዋን በጣታቸው ዳሰው "የእኛ ነው" ብለው ነው የተቀበሏት። አምና አጵሎስ ሊያመጣቸው ሄደ። ወደ መንደሩ በሚያስገባው መንገድ አንድ ቦታ አለ፤ የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን እየበላው መሐሉ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ብሎ ቀርቷል። አባዱላዋ እዚያ ላይ በሆዷ ተቀመጠች። አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፤ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። በበሬ ተጎትታ ስትወጣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። እማማ "እግዚአብሔር ያውቃል" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። አጵሎስ አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ መኪናዋ ሥር እየገባ ሆዷን ሲለካ ከረመ። ያኔ መኪናዋ ከፍ ማለቷ እንደማይቀር ገባኝ።

ዘንድሮ የእማማ ተራ ሐሙስ ጠዋት ነው ተባለ። ሰኞ መኪናዋ ወንዳፈረው ጋራዥ ገባች።

ወንዳፈረው ወጣት ነው፤ ሥራ ያውቃል፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። ምሳ ይዤ ስደርስ ክርክሩ ጦፏል።

"ስንት ከፍ ትበል ጋሼ?"

"ስንዝር።"

"ስንዝር! ጋሼ፣ ይቺ እኮ ፎር ዊል ናት። የፊት ጎማዋን የሚያዞር ዘንግ አላት። ባነሳናት ቁጥር ዘንጉ ይጎብጣል። ስንዝር ካነሳናት የምትሆነው ለመንገድ ሳይሆን ለፎቶ ነው።"

"እሺ፣ አንተ ስንት ትላለህ?"

"አራት ጣት።"

አጵሎስ የራሱን እጅ አየ። "በማን ጣት?"

ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የያዘው ሁሉ መዶሻውን አስቀመጠ። ወንዳፈረው ቀጭን ነው፤ ጣቱ እስክሪብቶ ያህላል። የኔ ባል ጣት ሙዝ ነው። እጃቸውን ጎን ለጎን አድርገው ጎማው ላይ ለጠፉት። ልዩነቱ አንድ ጣት ተኩል ሆነ።

"በራሴ መኪና በሰው ጣት አልለካም!"

"ዘንጉ ሲሰበርስ በማን ጣት እንቁጠረው? እትዬ ሊሻን፣ እርስዎ ይፍረዱን!"

"እኔ በማንም ጣት አልፈርድም" አልኩ። "ሐሙስ ጠዋት እማማ ሐኪም ፊት ይቀመጡ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ።"

እንግዲህ በወንዳፈረው ጣት ሆነ። አጵሎስ ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ።

ያን ሰሞን ነገሩ በመኪናዋ የሚያበቃ አልመሰለኝም። ማክሰኞ ኩሽና ቆሜ ሽንኩርት ስልጥ ከኋላዬ የሆነ ነገር ጉልበቴን ነካኝ። ዞር ስል ክቡር ኢንጂነር ሜትር ዘርግቶ ተንበርክኳል፤ ከመሬት እስከ ጉልበቴ ይለካል።

"ምን እየሆንክ ነው?"

"ሥራሽን ሥሪ።"

"እኔንም ከፍ ልታደርገኝ ነው?"

ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ሄደ። ጉልበቴን ክፉኛ ያመኛል፤ እሱ ግን ስለ ጉልበቴ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ከአንዳንድ ሰው ጋር ስትኖር አለመጠየቅን ትለምዳለህ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኋላው አለቀ። የኋላውን በሚሸከመው የብረት ንብርብር፣ በባሌስትራው ላይ፣ አንድ ብረት ተጨመረበት፤ የፍሬኑ ቱቦም እንዳይወጠር በረጅም ተለወጠ። የፊቱ ገና ነው። መኪናዋ ሣር እንደምትግጥ ላም አፍንጫዋን ደፍታ ቂጧን ሰቅላ ቆማለች። አጵሎስ ይህን ሲያይ ደስታው አላስቆም አለው። ገጠር ላለው ታናሽ ወንድሙ ለሕዝቅኤል ደወለ።

"ሕዝቅኤል! አስነሳናት! መኪናዋን አስነሳናት!"

ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አሁን ፍረዱ። መኪና አስነሳን ሲባል፣ ዓይናቸው የታመመ እናት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ምን ይረዳል? ሞተር አስነሡ፣ መንገድ ጀመሩ፣ እየመጡ ነው። እኔም ብሆን የምረዳው ይህንኑ ነው። መኪና ቁመቷም ይነሣል ብሎ የሚያስብ ከአጵሎስ በቀር ማን አለ?

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

"ሊሻን፣ የት ደረሳችሁ?" አለ ሕዝቅኤል። "ፎንቆን አለፋችሁ?"

"እኔ ቤት ነኝ። የት ነው የምንደርሰው?"

"እንዴ! አስነሳን አላችሁ እኮ! እማ መንገድ ዳር ወጥታ ተቀምጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኛት ወጥቷል።"

"መልሳቸዋ ወደ ቤት! አጵሎስ የሚመጣው ማታ ነው።"

"እንዴት ልመልሳት? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየውላታል። የተጸለየበትን መንገድ ወደ ኋላ አልሄድበትም ብላለች። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ ከዘነበ ያ መንገድ ጭቃ ነው። ሊሻን፣ የአምናው እንዳይደገም።"

ወደ ጋራዡ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ቢላዋው እጄ ላይ እንዳለ ነው የሮጥኩት። ከኋላዬ ግማሽ ሰፈር ተከተለኝ፤ ሰዉ አጵሎስን ልገድለው የምሄድ ነው የመሰለው። አልፈርድበትም።

ስነግረው ወደ መሪው ሮጠ። "እንዲሁ እንዳለች ልውሰዳት!"

"ፍሬን ስትይዝ በአፍንጫዋ ትተከላለች ጋሼ" አለ ወንዳፈረው፤ መኪናዋ ሥር ገብቷል። "አንድ ሰዓት ስጡኝ። የፊቱ ብሎን ማጥበቅ ነው። እትዬ፣ ቢላዋውን አስቀምጡና ያንን ቁልፍ አቀብሉኝ!"

አቀበልኩት። አጵሎስ ክሪኩን ይዞ በአንድ ወገን፣ አንድ የጋራዡ ሠራተኛ በሌላ ወገን ቆሙ። የፊቷን ከሥር የሚሸከመውን ብረት ብሎን ባጠበቁ ቁጥር አፍንጫዋ ቀስ እያለ ይነሣል። ወንዳፈረው እየወጣ በቀጭን ጣቱ ይለካል። "አንድ!" አለ፤ የተከተለኝ ሰው "አንድ!" ብሎ ተቀበለው። "ሁለት!" "ሁለት!" የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ቆመ። ሦስት ላይ ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። አራት ላይ መኪናዋ ቀጥ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተንጎራደደች ማለት ይቻላል፣ ያውም ቆማ። አንዲት ሴት እልል አለች። ማን ናት ብዬ ዞር ስል እኔ ነኝ።

ጋቢናው ጉልበቴ የማይደርስበት ቦታ ሄዷል። አጵሎስ እንደ ጆንያ ከኋላ ገፍቶ ከተተኝና ነዳው።

ከላይ ሲታይ አገሩ ሌላ ነው። የሰው ግቢ እስከ እንሰቱ ውስጥ ድረስ ይታያል። ፎንቆ ላይ ገበያተኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየን፤ እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሲያየኝ የኖርኩ ያህል ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፤ አጵሎስ "አይዞን፣ ትለምደዋለች" ይላል፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። ከፎንቆ እንደወጣን ዝናቡ መስተዋቱን መምታት ጀመረ።

ሻኛው ጋ ደረስን። አጵሎስ አቆመ፤ ወረደ፤ አየ፤ ተመልሶ ወጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ጸሎት አደረገ፤ ፎር ዊሉን አስገባ። ግራና ቀኙ ጭቃ ውኃ ይዟል። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ እግሬን ሰበሰብኩ፤ አምና ከሆዷ ወጣ ያለኝን የብረት ጩኸት እየጠበቅኩ። ትንሽ ሄድን። ጠበቅኩ። አሁንም ሄድን።

ምንም። ያ ምንም እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከመዝሙር ይበልጥ ያምራል።

"ዋቸሞን የሚያውቅ ሰው ሠራት!" ብሎ መሪውን በጥፊ መታው። እኔም ከአስራ ስምንት ዓመት ትዳር በኋላ ባሌን ትከሻው ላይ መታሁት፤ ከደስታ።

እማማ ገነቴ በአንድ ትልቅ ጃንጥላ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ነጭ፣ ጫማቸው አዲስ፣ በዙሪያቸው አርባ ሰው። ሰዉ መኪናዋን ሲያይ ጮኸ። እማማ ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ አምና የመኪናዋ ደጃፍ የነበረበትን ከፍታ በእጃቸው ፈለጉ። እጃቸው ያገኘው ጎማ ነው። ወደ ላይ ዳሰሱ፤ አሁንም ብረት። ወደ ላይ ዳሰሱ።

"ልጄ" አሉ በሃዲይኛ፤ "ይዘህልኝ የመጣኸው ፎቅ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። አጵሎስ አልሳቀም። ያ ሁሉ ጣት ሲለካ፣ እናቱ በምን እንደሚወጡ ማንም አልለካም። እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰም። እንደገና አነሱ።

"እንሸከማት" አለ ሕዝቅኤል።

"እኔን?" አሉ እማማ። "ሰው በሰው እጅ መኪና ላይ የሚጫነው ሲሞት ነው። አልሞትኩም። ይልቅ አልሄድም።"

ዱካውን አስጠጉላቸው፤ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ዝናቡ በረታ። አጵሎስን አየሁት። የዓመት ሐሳቡ በአንድ እርምጃ ከፍታ ሊቀር ነው።

ድንገት ወደ ጋቢናው ሮጠ። ከእኔ መቀመጫ ሥር በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣ። የብረት እርከን ነው፤ ሁለት መንጠቆ አለው፤ ላዩ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተለጥፎበታል፤ ዙሪያው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ከደጃፉ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ያንቺ ነው" አለ፤ አላየኝም። "ጉልበትሽን ስለሚያምሽ። ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ነው ያላሳየሁሽ።"

ማክሰኞ መዳፉ ላይ የጻፈው ቁጥር ለዚህ ነበር።

እማማ በእግራቸው ፈለጉት፤ አገኙት፤ ወጡ። በራሳቸው እግር። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ቀለሙ በእርግጥ አልደረቀም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሞቹ ጋ ሲገቡ ወለሉ ላይ አረንጓዴ እየረገጡ ነው የገቡት።

ዓርብ ፋሻው ተፈታ። እማማ መጀመሪያ ያዩት ሐዳሳን ነው። አዩዋት፣ አዩዋት፣ ከዚያ አፍንጫዋን ዳሰሱ፤ ዓይናቸውን አላመኑትም። ቀጥሎ ወደ ውጭ ወጣን። አባዱላዋ በር ላይ ቆማለች፤ ወንዳፈረውም ብሎኑን ሊፈትሽ መጥቷል። እማማ ዙሪያዋን አንዴ ዞሩ። አገጫቸውን አሹ።

"ይቺ ናት?" አሉ። "ጥሩ ናት። ትንሽ ብቻ ከፍ ብትል..."

አጵሎስ ወዲያው ዞሮ አየኝ። ወንዳፈረው እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ።

"እትዬ ሊሻን፣ በእግዚአብሔር! ዘንጉ!"

ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ ዶሮ ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ወንዳፈረው ዘረጋሁ፤ ትንሿን ጣቴን ነጥዬ አሳየሁት።

"አንድ ጣት" አልኩ። "በእኔ ጣት።"