ባለሜትሩ ግልገሏን ለአቅመ ድመት ያደረሰበት ዜና መዋዕል

ባለሜትሩ የተባለው ልብስ ሰፊ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር የሚያሾልክ፣ ቀጠሮን ያለ እፍረት የሚያራዝም፣ በባዶ ቤት ብቻውን በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፣ የኩሽናው ቧንቧ ማንጠባጠብ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ የሆነው እንዲህ ነው።

ባለቤቱ የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ወደ ሩቅ ከተማ በተነሣች ጊዜ፣ እናት አልባዋን ግልገል ድመት በጨርቅ ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀምጣ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦ «ስመለስ ይህችን አድጋ ካላገኘኋት፣ እኔንም አታገኘኝ!» ወዘንተ ሰሚዖ፣ ይህንንም ሰምቶ፣ ጀግናው ማንኪያ የሚቀመጥበትን ይፈልግ ጀመር፤ ዕድሜ ልኩን ሻይ እንኳ አፍልቶ አያውቅም ነበርና።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ክተት አወጀ። በቀኝ የወተት ጣሳ፣ በግራ የሻይ ማንኪያ፣ በደጀን እጀታው የተሰበረ መጥበሻ፣ ከሁሉ በላይ ከአንገቱ የማይወርደው ሜትር ተከትለውት፣ የላም ወተቱን ጠዋት ማታ እንደ ጎርፍ ለቀቀባት። ልብስ ሰፊ ነውና እድገትን በወገብ ልክ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ሜትሩን በሆዷ ዙሪያ አዙሮ እንደ ሰፋች ባየ ጊዜ፣ በደንበኞቹ ፊት «አድጋለች! ያላመነ መጥቶ ይለካ!» ብሎ አወጀ። አይ እድገት! ያ የተነፋ ሆድ በማግስቱ በአዲስ ሱፍ ላይ ተዘረገፈ። ሱፉ የደንበኛ ነበር፤ ደንበኛውም ሙሽራ ነበር። ግልገሏ ግን አንገቷን ደፍታ መነሣት አቃታት።

ይህን ጊዜ ጎረቤቱ የእንስሳት ሐኪም፣ ምላሷ ከመርፌዋ ይልቅ የሚወጋ፣ ከደጃፉ ቆማ አወጀች፦ «የላም ወተት ይቁም! ንጹሕ ውሃ ይቅረብ! የተቀቀለ ሥጋና እንቁላል፣ ጨው ሳይነካው፣ በደቃቁ ተከትፎ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣት! እርስዎም ጋሼ፣ ሆዷን መለካትዎን ይተዉ!» ጀግናውም መጋረጃውን ዘግቶ፣ ግልገሏን ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ማንም አላየኝም ብሎ ነበር፣ ዜና ጸሐፊው ግን አይቷል።

ከዚያ ወዲያ ሥጋ ቤት ደጅ ጠና። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውን የአበው ቃል ሽሮ፣ ቀዩን ለእርሷ እየከተፈ ለራሱ ዳቦ በሻይ አደረገ። ጀርባዋ ረዘመ፣ ጸጉሯ አበራ፣ የወተት ጥርሷ ረግፎ ክራንቻ አበቀለች፤ በመጨረሻም ለአቅመ ድመት ደርሳ የጌታዋን ወንበር ወረሰች። አይጥ በፊቷ ባለፈ ጊዜም፣ አልተከተፈምና ፊቷን አዞረች።

ባለቤቱ ተመልሳ በሩን በከፈተች ጊዜ ድመቷን አየች፤ ባሏንም አየች። የአገሩን ሁሉ ወገብ የሚያጠብ ልብስ ሰፊ፣ የገዛ ሱሪው በክር ታስሮ ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ ነጥቃ በወገቡ አዞረችና የመጨረሻውን አዋጅ ተናገረች፦ «ድመቷስ አድጋለች። አንተን ማን ይመግብህ ብዬ ነው ጥዬህ የሄድኩት? በል ቁጭ በል፣ ላብላህ!» ወንበሩ ግን ተይዞ ነበር።

ስለዚህ ትውልድ ሁሉ ያመስግነው! ግልገል አሳዳጊው፣ ሙሽራ አስለቃሹ፣ የገዛ ሥጋውን ለድመት የገበረው ባለሜትሩ፣ ከገዛ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ከሚስቱ እጅ እየጎረሰ ታይቷልና፣ ዝናው ከዚህ ደጃፍ እስከ ሐኪሟ ደጃፍ ይሰማ!